የአቶ ደባልቄ ዓሦች

«ዓሦቹ ካለቁማ አባባን እዚህ የሚያስቀረው ነገር የለም። ያኔ ቤቱንም ሸጦ መገላገል ነው።»

ሸዋሉል ይህን የሰማችው መተላለፊያው ላይ የውሃ ጆግ ይዛ እንደቆመች ነው። የተናገረችው ታላቅ እህቷ ማንጠግቦሽ ናት። የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ፣ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ከሚሠራው ታናሽ ወንድማቸው ከኤልያብ ጋር በስልክ ታወራለች። ኤልያብ ምን እንደመለሰ አይሰማም። ማንጠግቦሽ ጥቂት አዳመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሷማ መጀመሪያ ታለቅስ ይሆናል፤ ኋላ ትለምደዋለች» አለች። ሸዋሉል «እሷ» የተባለችው ማን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በዚያ ቤት ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ናት። ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቀች ወደ ሳሎን ተመለሰች። በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ መራመዷ ለራሷም ገረማት።

ሳሎኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። መብራት ማታ ሄዶ ነበር፤ ንጋት ላይ ሲመለስ በኃይል መጣና የአኳሪየሙን፣ የዓሦቹን የመስታወት ገንዳ፣ ማጣሪያ ሞተር አቃጠለው። ከዚያ ጀምሮ ውሃው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ክፍሉን የሚሞላው የማጣሪያው ጉርምርምታ ስለሌለ፣ ውጭ የጎረቤት ሰው ሲያስነጥስ ሳይቀር ይሰማል። ሦስቱ ዓሦች፣ ነጭ ቀለበት ያላቸው ሁለት ብርቱካናማዎችና አንድ ሰማያዊ፣ ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አቶ ደባልቄ ከገንዳው ፊት ለፊት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ጭናቸው ላይ ተጋድሟል፤ ግራ እጃቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል። ልጃቸው ስትገባ ዞር ብለው አዩዋት። ሸዋሉል አጠገባቸው ቆማ ጆጉን አስቀመጠችና የውሃውን ሙቀት በጣቷ ነካች፤ የነካችው ግን ሌላ የምታደርገው ስላጣች ነው።

አቶ ደባልቄ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን፣ ከወሎ በሰፈራ የመጣች እህታቸው ዘንድ አሶሳ መጡና አግብተው፣ ጀነሬተር እየጠገኑ ሦስት ልጆች አሳደጉ። ሚስታቸው በሞተች በዓመቱ ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸውን ከአንደበታቸው ጋር ወሰደባቸው። ለወራት አንድ ቃል አልወጣቸውም ነበር። አምና ኤልያብ ለእረፍት ሲመጣ መስታወቱን፣ ከባሕር የወጡ ድንጋዮችንና የባሕር ጨው ዱቄቱን በመኪና፣ ዓሦቹን ደግሞ አየር በተሞላ ላስቲክ በአውሮፕላን አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ተከለው። ከጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ጨዉን በጥብጠው ሞሉት። ዓሦቹ ሲለቀቁ አቶ ደባልቄ ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩ በኋላ «አውቃቸዋለሁ» አሉ። ኤልያብ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በቀን ጥቂት ቃላት ይወጣቸዋል። ማንጠግቦሽ «አዲስ አበባ እኔ ጋ ይምጡ» ባለቻቸው ቁጥር ግን በግራ ጣታቸው ወደ ገንዳው ያሳዩና ራሳቸውን በእምቢታ ያወዛውዛሉ። ስለዚህም ቤተሰቡ ሁሉ ሰውየውን አሶሳ ያሰሯቸው ዓሦቹ ናቸው ብሎ ያምናል።

ማንጠግቦሽ ከመኝታ ቤት ወጣች። ጥሩ ልብስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ገና በጠዋቱ ተስተካክሏል። አዲስ አበባ ያላትን የልብስ ሱቅ አሁን የምታስተዳድረው ልጇ ሐኒ ናት፤ እናትየዋ ከሩቅ ሆና በስልክ ታዛለች። አሶሳ ከመጣች ሳምንት አልሞላትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጋረጃውን ቀይራለች፣ የአባቷን ወንበር ከመስኮቱ ወደ ገንዳው አስጠግታለች፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ እንደ አዲስ ደርድራለች። ሸዋሉል አሁን ጨው ስትፈልግ ሦስት ቆርቆሮ ትከፍታለች።

«ትልቁን ማጣሪያ አዝዣለሁ» አለች ማንጠግቦሽ ሻይዋን እያማሰለች። «ኤልያብ የነገረኝን ዓይነት ነው፤ ከታች የሚቀመጠው፣ ዝጉ ባልዲ። ቦሌ አንድ ሱቅ አግኝተውልኛል። ነገ በአውሮፕላን ይደርሳል።»

«እስከ ነገ ይቆያሉ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሸዋ። እግዜር ያውቃል።»

እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። ሸዋሉልን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ክፋት ብታይበት መጣላት ይቻል ነበር። ነገ ይደርሳል የተባለው ዕቃ የእውነት ታዝዞ ይሁን፣ ወይም ዛሬን ለማሳለፍ የተነገረ ነገር፣ ከእህቷ ፊት ለማንበብ ሞከረችና አቃታት። እህቷ ከቤት የወጣችው ሸዋሉል ገና ትምህርት ቤት ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በበዓልና በለቅሶ ነበር። ሸዋሉል ወደምትሠራበት ቢሮ ደውላ የዛሬውን ፈቃድ ጠየቀች። ጃንጥላዋን አንስታ «የሆነ ነገር ልፈልግ» ብላ ወጣች። ከኋላዋ የአባቷ ዓይን እንደተከተላት ታውቃለች፤ ዞራ ግን አላየችም።

ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። እዚያ ዓሣ እርባታ የሚያስተምር ቦዔዝ የሚባል መምህር ታውቃለች። ለገበሬዎች የኩሬ ሥልጠና ሲሰጥ ከሷ ቢሮ ጋር አብሮ ሠርቷል። ከወላይታ ተመድቦ የመጣ፣ ቶሎ የሚስቅ ሰው ነው። ዛሬ ግን የነገረችውን ሲሰማ አልሳቀም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ወደሚረባባቸው የሲሚንቶ ገንዳዎች እየወሰዳት ጥያቄ ጠየቃት፦ ውሃው ምን ያህል ነው፣ ዓሦቹ ስንት ናቸው፣ ከትናንት ጀምሮ ምን በሉ።

«ድንጋዮቹስ መቼ ገቡ?»

«አምና፣ ከዓሦቹ ጋር።»

«እንግዲያው ዋናው ማጣሪያሽ አልተቃጠለም» አለ። «የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ ነው የሚኖሩት። እነሱ የሚፈልጉት የሚንቀሳቀስ፣ አየር ያለው ውሃ ነው። አሁን የቸገረሽ ማጥራቱ ሳይሆን መንቀሳቀሱ ነው።»

ሸዋሉል እህቷ ስላዘዘችው ትልቅ ማጣሪያ ነገረችው። ቦዔዝ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ውሃውን እንደ መስታወት ያጠራዋል፣ አለ። ችግሩ መብራት ሲሄድ ነው። ውሃው ዝግ ባልዲው ውስጥ ሲቆም እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ታፍነው ይሞታሉ፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ ሞተሩ ያንን የበሰበሰ ውሃ መልሶ ገንዳው ውስጥ ይለቀዋል። ከመስታወቱ ጠርዝ የሚንጠለጠለው ዓይነትም ያለ መብራት ዋጋ የለውም። የቀረው ስፖንጅ ነው። በቱቦ አየር ሲገባበት ውሃውን በራሱ ውስጥ እየሳበ ያሳልፋል፤ አየር መንፊያው ደግሞ በትንሽ ባትሪ ይሠራል።

«ጉዳት የለውም?»

«አለው እንጂ። ውሃው እንደዚያኛው ጥርት አይልም። እየቀነስሽ አዲስ የጨው ውሃ መጨመር ይኖርብሻል፤ ሥራ አለው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ሸዋሉል፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ የማውቀው የኩሬና የሐይቅ ዓሣ ነው። የባሕር ዓሣ አርብቼ አላውቅም። የምነግርሽ ነገሩ ተመሳሳይ መሆን አለበት ብዬ እየገመትኩ ነው።»

ከቤተ ሙከራው ካርቶን ውስጥ ሳይሆን ከራሱ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈተ ስፖንጅ አውጥቶ ሰጣት፤ ቤቱ ላለችው ትንሽ ገንዳ የገዛው ነበር። አየር መንፊያ ግን ትርፍ አልነበረውም፤ ያሉትን ቢያነሳ የገዛ ዓሦቹ ያልቃሉ። ዛሬ ምግብ እንዳይሰጧቸው፣ ስፖንጁ ሲቆሽሽ በቧንቧ ውሃ እንዳያጥቡት ነገራት። «አሁኑኑ ደግሞ ቤት ያለ ሰው ውሃውን በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፍስሰው። ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። እስክትደርሺ ሳያቋርጥ።»

ቤት ያለው ሰው ማንጠግቦሽ ናት። ሸዋሉል ስልኩን ይዛ ከሕንፃው ጥግ ቆመች። ዓሦቹ ካለቁ ይሻላል ያለችን ሰው ዓሦቹን አትርፊልኝ ብሎ መለመን ምን ማለት እንደሆነ እያሰበች ቁጥሩን ነካች። ማንጠግቦሽ አነሳች። ሸዋሉል መምህሩ ያለውን ነገረቻት። እህቷ «እሺ» ብላ ዘጋችው። ምን ዓይነት እሺ እንደሆነ አልታወቀም። ሲሰለቹ የሚባል እሺም ነው፣ ሲነሱ የሚባል እሺም ነው።

ወደ ገበያ የሚወስዳት ባጃጅ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ከኋላ ሞተሩን ይነካካል። ሰማዩ ጠቁሯል። ሸዋሉል ጭኗ ላይ ስፖንጁን ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ቢያልቁስ?» የሚል ነገር በልቧ መጣ። ዓሦቹ ቢያልቁ አባቷ ይሄዳሉ። እሷ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤት መሮጥ ይቀርላታል። ሌሊት ሳል ሰምታ መነሳት፣ የሰው እግር ማሸት፣ አንድ ቃል እስኪወጣ ሩብ ቀን መጠበቅ ይቀራል። ባለፈው ዓመት ቢሮዋ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሊልካት ነበር፤ አባቷን የምትተውለት ሰው ስላጣች ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዘንድሮም ማስታወቂያው የቢሮው በር ላይ ተለጥፏል፤ እሷ ሳታነብ ነው የምታልፈው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተግተልትሎ ሲመጣባት ደንግጣ ቀና አለች። ጠዋት ከበሩ ኋላ የሰማችው ቃል በራሷም አፍ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሹፌሩ «ተነሳ፣ እንሂድ» ሲል ስለ ሞተሩ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት።

ገበያው ጋ ስትደርስ ካፊያ ጀምሯል፤ መብራትም እንደገና ሄዷል። የዓብዱልላጢፍ ሱቅ ሶላር፣ ባትሪ፣ የውሃ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሸጥበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለቤቱ አዛውንት የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው።

«ግባ፣ ግባ ኡኽቲ፣ እህቴ። ዝናብ መጣ» አሏት። «ምን ፈለግክ?»

ነገረቻቸው። የባሕር ዓሣ አሶሳ ውስጥ ቤት አለ ስትል መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ኋላ ግን የአባቷን ስም ስትጠራ ፊታቸው ተለወጠ። አቶ ደባልቄን ያውቋቸዋል፤ ድሮ የወፍጮ ቤታቸውን ጀነሬተር ይጠግኑላቸው ነበር። «ታሞ ነው ሰማሁ። አላህ ያሽረው» አሉና ተነሥተው ከግድግዳው ሥር አንድ ትልቅ ሣጥን በእግራቸው ገፋ አደረጉ። ባትሪና ኢንቨርተር ነው። «ይኼ ውሰድ። መብራት ይሄዳል፣ ይኼ አይሄድም። ትልቁ ማጣሪያ ይሠራል፣ ቴሌቪዥን ይሠራል፣ ሁሉ ይሠራል። ወላሂ ጥሩ ነው።»

ዋጋውን ሲነግሯት ከሣጥኑ ዓይኗን አነሳች። ያንን ለመግዛት ለማንጠግቦሽና ለኤልያብ መደወል ነበረባት፤ ዛሬ ደግሞ ከሁለቱ ምንም መጠየቅ አልፈለገችም። አዛውንቱ ነገሩ ገባቸው መሰል፣ አልተጫኗትም። ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረዱ። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የዓሣ ኩሬ ሲሠራ ካመጧቸው አየር መንፊያዎች የተረፈ ነው። ካርቶኑ በውሃ ስለተበላሸ ያዘዘው ድርጅት አልቀበልም ብሎ መልሶታል፤ ዕቃው ግን ደህና ነው አሉ። ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር ይሠራል፤ ባትሪውን ደግሞ ትንሽ ሶላር ትሞላዋለች። ባልዲ ውሃ አስመጥተው ገመዱን አገናኙት። ቱቦው ከውሃው ውስጥ አረፋ መትፋት ጀመረ። ድምፁ ደካማ ነው። ከባልዲው ከሁለት እርምጃ በኋላ አይሰማም።

ይህንኑ እያየች ሳለ ስልኳ ነዘረ። ኤልያብ የድምፅ መልእክት ልኳል። መርከቡ ወደብ ሲጠጋ ብቻ ነው ኔትወርክ የሚያገኘው። ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችው። «ሸዋዬ፣ እትዬ ነገረችኝ። እባክሽ ስፖንጅ ምናምን እንዳትገዢ፤ እሱ ለሕፃን መጫወቻ ነው የሚሆነው። ትልቁን ጠብቂ። አባባ ላይ በግምት አንጫወት።» ከኋላው የንፋስና የብረት ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛ ጊዜ ሰማችው። በግምት አንጫወት ያለው ልክ ነው፤ መምህሩም እየገመትኩ ነው ብሏታል። ትልቁ ይሻል ይሆናል። ነገ ይደርስም ይሆናል። ካልደረሰስ? ቢደርስና ከነገ ወዲያ መብራት ቢሄድስ? ዓሦቹ በስፖንጁ ቢሞቱ ደግሞ ሁሉም የሚያዩት ወደ እሷ ነው፤ «ጠብቂ ተብላ ነበር» ይላሉ። በትልቁ ቢሞቱ ግን ማንም ማንንም አይወቅስም። ይህን ስታስብ የመረጠችውን አወቀች። የኤልያብ መርከብ ላይ መብራት አይሄድም። እዚህ ይሄዳል።

«ይኼን ነው የምወስደው» አለች።

«ትንሹን?»

«ትንሹን።»

ዓብዱልላጢፍ ባትሪውን ለክተው፣ የሶላሯን ገመድ እንዴት እንደምታገናኝ ሁለቴ አሳዩዋት። ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልለው ሲሰጧት «ለአባትህ ሰላም በል» አሏት።

ዝናቡ አሁን ወርዷል። ባጃጅ በመጣ ቁጥር ሙሉ ነው። ከሱቁ ጣሪያ ሥር ቆማ ቤት ደወለች፤ አይነሳም። እንደገና ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። በመጨረሻ ባጃጅ አግኝታ ስትገባ ዕቃውን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። መንገዱ በጎርፍ ስለተያዘ ሹፌሩ በዳር በዳር ይነዳል። እሷ መንገዱን አላየችም። የምታየው ሳሎኑን ነው፤ እህቷ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ስልኳን ስትነካካ፣ ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፍፈው፣ አባቷ መስታወቱን ይዘው። እህቷን ምን እንደምትላትም አዘጋጅታለች፤ በሩን ስትከፍት የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል ሳይቀር ምላሷ ላይ ነበር።

በሩን ስትከፍት ግን ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ማንጠግቦሽ ጥሩ ልብሷን ለብሳ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ገንዳው ሥር ተቀምጣለች። እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ረጥቧል፤ የተስተካከለው ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። በጣሳ ትቀዳለች፣ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ ታፈሳለች፣ እንደገና ትቀዳለች። ከወዲህ በኩል አቶ ደባልቄ ከወንበራቸው ወደፊት ተንፏቀው፣ በግራ እጃቸው በፕላስቲክ ኩባያ ያንኑ ያደርጋሉ። አንዱ ሲያፈስ ሌላው ይቀዳል። ምንጣፉ በስብሷል። የማንጠግቦሽ ስልክ ሶፋው ላይ ተደፍቶ ይታያል።

«ገባሽ? ቶሎ በይ፣ ክንዴ ሞቷል» አለች ማንጠግቦሽ፣ ጣሳውን ሳታቆም።

ሸዋሉል ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ተንበርክካ ዕቃውን መፍታት ጀመረች። ሁለቱ ብርቱካናማ ዓሦች አሁንም ከውሃው ፊት አጠገብ ናቸው፤ ሰማያዊው አይታይም። በጥያቄ ዓይን እህቷን ስታያት ማንጠግቦሽ በአገጯ ወደ ወጥ ቤት ጠቆመችና በከንፈሯ ብቻ «አባባ አላየም» አለች። ወጥ ቤት ውስጥ ሞቶ የወጣው ዓሣ ላይ የሾርባ ሳህን ተደፍቶ ነበር። ሸዋሉል ሳህኑን ሳታነሳው የባትሪ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ስፖንጁን ከሁለቱ ድንጋዮች መሃል አስቀመጠች፣ ቱቦውን ሰካች፣ ገመዱን ከባትሪው ጋር አገናኘች። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ገመዱን ነቅላ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አዟዙራ ሰካችው። ከስፖንጁ አናት አረፋ ተነሳ። ቀጭን፣ ያልተቋረጠ አረፋ ነው። የውሃው ፊት መነቃነቅ ጀመረ።

ማንጠግቦሽ ጣሳውን አስቀምጣ ክንዷን ያዘች። አቶ ደባልቄ ግን ኩባያቸውን አልለቀቁም፤ ሸዋሉል ቀስ ብላ ከጣታቸው እስክታወጣው ድረስ ጨብጠውት ነበር። ከዚያ በኋላ ማድረግ የሚቻል ነገር ስላልነበረ ሦስቱም ተቀምጠው አዩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ማንም ምሳ አልበላም፤ ማንም ስለ ምሳ አላነሳም። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ አንደኛው ዓሣ ከውሃው ፊት ወርዶ ድንጋዩ ሥር ገባ። ሁለተኛው ቆይቶ ተከተለው።

«ጠዋት ሰማሁሽ» አለች ሸዋሉል። ልትናገረው አላሰበችም ነበር።

«የቱን?»

«ዓሦቹ ካለቁ ያልሽውን። ቤቱን። ትለምደዋለች ያልሽውን።»

ማንጠግቦሽ እጅጌዋን ጨመቀች። ውሃው ጣቶቿ መሃል ወረደ። «ብያለሁ፣ አልክድም» አለች። «አንቺ ግን ራስሽን አይተሽዋል? አምና ተማሪ ሲሉሽ እምቢ ማለትሽን ከሰው ነው የሰማነው። ለኔም ለኤልያብም አልነገርሽንም። እናታችን ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን ከዚህ ቤት ርቀሽ አድረሽ ታውቂያለሽ? ትለምደዋለች ያልኩት የራስሽን ኑሮ ነው።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም ታዲያ? ከበር ኋላ ከምትወስኑብኝ።»

«ብጠይቅሽ ደህና ነኝ ነው የምትይው። ሁልጊዜ ደህና ነሽ።»

የእህቷ ቃል ልክ ነበር፤ የእህቷ አደራረግ ግን ልክ አልነበረም፤ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምትናገረው ሸዋሉል አላወቀችም። «እኔም ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ቢያልቁስ ብያለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ማንጠግቦሽ ቀና ብላ አየቻት።

«እኔንስ ጠየቃችሁኝ?» አሉ አቶ ደባልቄ።

ሁለቱ እህቶች ዞሩ። እሳቸው ከመሃላቸው ተቀምጠው ሳለ ጠዋት ከበር ኋላ የተወራውን በፊታቸው ሲያወሩት መቆየታቸው ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ሰውየው መናገር ስለሚያዳግታቸው መስማትም እንደሚያዳግታቸው አድርገው ለምደው ነበር። አቶ ደባልቄ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን ፈለጉ። ልጆቻቸው ጠበቁ። ሸዋሉል እንደ ልማዷ ቃሉን ልታቀብላቸው አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ዓሣው አይደለም» አሉ በመጨረሻ። ተነፈሱ። «ሰማያዊው ሞቷል። አይቻለሁ።» እንደገና ተነፈሱ። ግራ እጃቸውን አነሡና ገንዳውን አልፈው ግድግዳውን፣ በሩን፣ ውጭ ያለውን ግቢ በጣታቸው አመለከቱ። «ቤቴ ነው።»

ማንጠግቦሽ አንድ ነገር ልትል ስትል እጃቸው ወደ እሷ ዞረ፤ ገና አልጨረሱም። ከንፈራቸው በግራ በኩል ብዙ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ሸዋሉል ይህን ያህል ሲደክሙ አይታቸው አታውቅም።

«ሸዋ ትሂድ» አሉ። «ትማር።»

ሸዋሉል አንገቷን ደፋች። እንባዋን ማንም እንዲያየው ስላልፈለገች የባትሪውን ገመድ የምታስተካክል መሰለች። ማንጠግቦሽ እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። አባቷን አየች፤ ከዚያ እህቷን። ስልኳ ሶፋው ላይ ጮኸ፤ ሐኒ ናት፣ ከሱቅ። አላነሳችውም፤ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። ማንጠግቦሽ ዱካዋን ወደ ገንዳው ጠጋ አደረገችና አረፋው የሚወጣበትን ቦታ በቅርብ ተመለከተች።

«ይሄ ስፖንጅ በስንት ቀኑ ነው የሚታጠበው?» አለች።

«በየሁለት ሳምንቱ» አለች ሸዋሉል። «በቧንቧ ውሃ ግን አይደለም። ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው።»

«ቆይ» አለች ማንጠግቦሽ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»